ከጎርጎራ ናርጋ፣ ከነልጆቻችን

ጥያቄ፦ ሦስት ቤተሰብ ሆነን፣ ልጆች ይዘን፣ በሦስት ጀልባ ከጎርጎራ በደቅ ደሴት ወዳለው ገዳም፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ልንሻገር አስበናል። ጣናን ግን ፈራሁት። ምን ትመክሩናላችሁ?
እናት ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ሂዱ እንጂ! ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዋዜማውን እዚያው እደሩ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። ጀልባዎቹ እየተያዩ ይሂዱ፤ ፈጣኑ ዝግተኛውን ይጠብቅ።

የልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት በልኩ ይሁን። አልብሳችሁ የጃኬቱን ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ከወጣ ሌላ አምጡ በሉ። በዚህ አትደራደሩ፣ አደራ!

ናርጋን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሳሉበትን ሥዕል ለልጆቹ አሳዩልኝ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ወደ ሌላው የጣና ደሴት ገዳም፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ግን ሴት አይገባም፤ ለሴቶች ልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።