የድሮ ጌም በፍላት ስክሪን ለምን ያስጠላል?

ስለ ድሮ ጌምና ካርቱን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርክተውብኛል። ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ የበለጠ የምወደው ወሬ የለም። ዛሬ አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ልጅ እያለሁ ሶኒክን ተጫውቼ አልጠግብም ነበር። ሰሞኑን ለልጄ ላሳየው ብዬ አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ከፈትኩት። ሥዕሉ ሁሉ ሻካራ ካሬ ሆኖ አገኘሁት። ፏፏቴው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረዋል። ሶኒክም ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ቆይቶ ነው የሚዘለው። ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ትዝታዬ ነው ያሳመረው?

መልስ፦ ትዝታዎ ልክ ነው። ያኔ ያዩት ሥዕልና አሁን ያዩት ሥዕል አንድ አይደሉም። በዚያ ዘመን ሥዕሉን የሚሠራው የጌም ማሽኑ ብቻ አልነበረም። ገመዱና ወፍራሙ ቴሌቪዥንም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

ፏፏቴውን እንመልከት። ሶኒክ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ፣ የሴጋ ማሽን ከጀርባው ያለውን የሚያሳይ ስስ ውሃ እንደ ልብ መሣል አይችልም ነበር። ስለዚህ አንድ መስመር ቀለም፣ አንድ መስመር ባዶ እየተደረገ ተደረደረ። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወስደው ቢጫ ጫፍ ያለው ገመድ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞችን ያደባልቃል። ቴሌቪዥኑም ጠርዛቸውን ያለሰልሳል። መስመሮቹ ይዋሐዱና ከጀርባው ድንጋይ የሚታይበት ውሃ ይሆናሉ። ፍላት ስክሪን ግን እያንዳንዷን ነጥብ ለይቶ፣ አጥርቶ ያወጣታል። ጥራቱ ነው ፏፏቴውን ያበላሸው።

ለዚህ ነው «የድሮ ጌም አስቀያሚ ነው» ሲባል የምቆጣው። ተናጋሪው ጌሙን በትክክል ሳያየው ነው የሚፈርደው። እኔ ዛሬም ለሁለት ሰው የሚከብድ ወፍራም ቴሌቪዥን አለኝ። ክፍሌን ግማሽ ይዞብኛል፤ አልሰጠውም።

መዘግየቱ መፍትሔ አለው። አዲስ ቴሌቪዥን የመጣለትን ምስል ወዲያው አያሳይም፤ መጀመሪያ ያሳምረዋል፣ ያሰፋዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩት። አብዛኛውን ጣጣ ያስቀርልዎታል። የስክሪኑን ስፋትም ወደ 4፡3 ይመልሱት። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ከተለጠጠ ሶኒክ ወፍራም ይሆናል። በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ «ሲአርቲ» (የወፍራሙ ቴሌቪዥን ስም ነው) የሚል ፊልተር ይፈልጉ። ወፍራሙን ቴሌቪዥን ባይተካም ፏፏቴውን ያስተካክላል።

አንድ ነገር ግን በሴቲንግ አይድንም። ዳክዬ በሽጉጥ የሚመታበት ዳክ ሀንት ካለዎት፣ ፍላት ስክሪን ላይ አይሠራልዎትም። ምላጩን ሲስቡ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬው ባለበት ነጭ ካሬ ብልጭ ይላል። ሽጉጡ ያንን ብርሃን በዚያችው ቅጽበት መያዝ አለበት። አዲሱ ቴሌቪዥን ሲዘገይ ጊዜው ያመልጠዋል። በልጅነታችን ተኩሰን የሳትን ሁሉ ሽጉጡን ነበር የምንወቅሰው። ሽጉጡ ግን በጣም ጎበዝ ነበር!

ጥያቄ፦ የጌም ካሴት እንቢ ሲል እፍ ማለት ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም። የሚሠራው ካሴቱን አውጥተን መልሰን ስንሰካው ነው፤ ብረቶቹ በደንብ ይገናኛሉ። ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ብረቱን ቀስ በቀስ ያዝገዋል። የጆሮ ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነክራችሁ የካሴቱን ብረቶች ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። እንደ ዜልዳ ያሉ ጌሞች ሴቭ የሚያደርጉት በውስጣቸው ባለች ክብ ባትሪ እንደሆነም አትርሱ። ባትሪዋ ስታልቅ የድሮ ሴቫችሁ ይጠፋል፤ ጌሙ ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ተከራክረናል። እሱ «የድሮ ካርቱን በትጋት ነው የተሣለ» ይላል። እኔ ስኩቢ ዱን ደግሜ ሳየው ሲሮጡ ያው በር፣ ያው መስኮት እየተመላለሰ ያልፋል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምታወሩት ግን ስለ ሁለት ዘመን ነው። የሚገርመው፣ ከሁለቱም ጀርባ ያሉት ሰዎች አንድ ናቸው።

ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ቶምና ጄሪን እ.ኤ.አ. በ1940 በኤምጂኤም ስቱዲዮ ጀመሩ። ለሲኒማ የሚሠራ ስለነበር ገንዘቡም ጊዜውም ነበር። ቶምና ጄሪ 7 ኦስካር አግኝቷል። በ1957 ኤምጂኤም የካርቱን ክፍሉን ዘጋው። ሁለቱ የራሳቸውን ድርጅት ከፍተው ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። ቴሌቪዥን ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ክፍል ነበር የሚፈልገው። ስለዚህ በሥዕል ቆጠቡ። ዮጊ ድብን ልብ ብለሽ እዪው፤ ልብስ ሳይኖረው ኮሌታና ክራቫት አለው። ኮሌታው አንገቱን ከገላው ይለየዋል። ሲያወራ ጭንቅላቱ ብቻ እንደ አዲስ ይሣላል፣ ገላው ባለበት ይቆያል። ያንቺ በርና መስኮትም የዚሁ ቁጠባ ውጤት ናቸው።

አንድ ሙከራ አድርጉ። ቶምና ጄሪን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ አንድም ነገር አያመልጣችሁም። ከዚያ ድምፁን ክፈቱና የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ እያንዳንዱን እርምጃ እንዴት እንደሚከተል ስሙ። ለቴሌቪዥን የሠሩትን ፍሊንትስቶንስን ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ይገባችኋል። ሥዕሉ ሲቀንስ ጨዋታው ወደ ተዋንያኑ ድምፅ ተሻገረ። እኔ ቶምና ጄሪን አስበልጣለሁ። ስኩቢ ዱን በስንፍና መክሰስ ግን ግፍ ነው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። አጎቴ ማሪዮን እንደ ቅርስ ነው የሚያየው። ለኔ ግን ግራፊክሱ ደካማ ነው። እሱ የሚያየው ምንድን ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉው 40 ኪሎባይት ነው። በስልክህ የምታነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ ትበልጣለች። አሁን ከፍተህ ደመናውንና ቁጥቋጦውን አስተያያቸው። አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ነው የተለየው። የማሪዮ ፂምም ምክንያት አለው። በ1981 ዶንኪ ኮንግ የሚባል ጌም ላይ ሲሣል፣ በዚያች ጥቂት ነጥብ አፍ መሣል ከባድ ስለነበር ፂም ተደረገለት። ፀጉሩን ላለመሣል ደግሞ ኮፍያ።

አጎትህ የሚያየው ይህን ብልሃት ይመስለኛል። አንተም እንድታየው ስፔስ ኢንቬደርስን አብራችሁ ተጫወቱ። የ1978 ጌም ነው። ጠላቶቹ እያለቁ ሲሄዱ ማሽኑ የሚሥለው ስለሚቀንስለት የቀሩት ይፈጥናሉ። የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን አይቶ አላረመውም፤ እንዳለ ተወው። የመጨረሻዋ ስትቀር ጆይስቲኩን ለአጎትህ ስጠው፤ እንዴት እንደሚይዛት እይ።