ወደ አዋሽ ለምትወርዱ፦ ጥያቄያችሁና መልሳችን

የጥቅምት ብርድ ደሴን ሲይዛት ሰው ሁሉ ቆላ ቆላ ይለዋል። ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ አንድ መንገድ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደጋን፣ በገርባና በባቲ አድርጎ አፋር ክልል ወዳለችው ሚሌ ከተማ ስለሚወርደው። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁላችንም የደሴ ልጆች። መኪናም ድንኳንም አለን። ወደ አዋሽ ወርደን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ወንዙ ውስጥ መዋኘት ይቻላል? መቼ ብንሄድስ ይሻላል? (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገርህ። አዋሽ ውስጥ አትግቡ። አዞ አለ። ጉማሬም አለ። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ዳሩ ላይ ቆመህ ከፊትህ ያለውን አታይም፤ ፊታችሁን ለመታጠብ ጎንበስ ማለት እንኳን ይቅርባችሁ። የአዋሽ ደስታው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ማየቱ ነው። በዚያ ሁሉ ደረቅ መሬት መሀል አንድ አረንጓዴ መስመር ተጋድሞ ታያለህ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግመልና ፍየል ወደ ውሃው ሲወርድ፣ ወፉ ሲንጫጫ፣ ያ ብቻውን ለሁለት ቀን ይበቃል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሚሌ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይለያያል፤ ስለዚህ በአንድ ጠዋት ጉዞ ብቻ 13 ዲግሪ ያህል ሙቀት ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ጋቢ ለብሶ ያደረ ሰውነት ይሄን ቶሎ አይለምደውም። ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያዙ፤ መኪናው የሚጠጣው ለብቻው ነው። ከጠዋቱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። አንዱ ራሱን ካዞረው ወይም ካስመለሰው ጥላ ስር አስተኙት፣ ልብሱን አርጥቡለት። በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ እያለ ይጠጣ። መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ምንም አታጠጡት፤ እያቀዘቀዛችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ በማርሽ ያዙ እንጂ ፍሬን ላይ አትተኙ። ይሄ የጅቡቲ መስመር ነው፤ ተሳቢው ብዙ ነው፣ ጠመዝማዛው ላይ መንገዱን ሞልቶ ይመጣል። ትርፍ ጎማ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው። በደርግ ዘመን የተተከለውና አፋሮች «ደርጊ ሃራ» የሚሉት ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ዛሬ ብዙ ቦታ ወሮታል፤ እሾሁ ጎማ ይበሳል፣ ቀጭን ነጠላ ጫማም ያልፋል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። ከባቲ በታች በጨለማ አትንዱ።

አሁን ስለ ድንኳኑ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ግራር አለ፣ ዓይን ይስባል። እኛም ስቦን ነበር።

የዛሬ ጥቂት ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ሌሊቱን ደሴ ዶፍ ሲጥል አድሮ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከባቲ በታች ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የሚባል የለም። አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ምሳ መብላት ጀመርን። አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡና ሰላምታ ሰጡን። ከዚያ ዳጉ ሆነ። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ባህል ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ሁሉም በዝርዝር ይጠየቃል፣ ውሸት መናገር ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። አማርኛ የሚችል ልጅ አብሯቸው ነበርና እሱ ተረጎመልን። «ሰማዩ እንዴት አደረ?» አሉን። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ አልን። ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። በከዘራቸው ወደ ዳገቱ አመለከቱና «ውጡ» አሉ። ምንጣፉን ጠቅልለን ወጣን። ሰዓት አልሞላም፣ መጀመሪያ እንደ ጭነት መኪና ያለ ድምፅ ሰማን፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ተቀምጠንበት በነበረው ቦታ አለፈ።

እዚያ የሚፈሰው የኛው ሀገር ዝናብ ነው። የሚሌ ወንዝ ከተሁለደሬ ከፍታዎች ይነሳል። ቦርከናም ደሴን አቋርጦ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ ሜዳ ወርዶ መጨረሻው አዋሽ ነው። ስለዚህ ታች ያለውን ሰማይ አይታችሁ አትወስኑ፤ ቤት ደውላችሁ «ዘነበ ወይ?» በሉ። ወሎ በልግ ስላለው ደራሽ ውሃ የክረምት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መጋቢትና ሚያዝያም ይመጣል። ማደሪያ ስትፈልጉ በአቅራቢያው ያለውን መንደር ሽማግሌ ጠይቁ። ዳጉ ሲጠይቋችሁም ያያችሁትን በትክክል ተናገሩ፤ የእናንተ ወሬ ለነሱ ከብት ማሻገሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በሳይክል ከኮምቦልቻ ባቲ ደርሼ በዚያው ቀን ልመለስ እያለ አስቸገረኝ። ልፍቀድለት? (አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናቴ፣ አብሽሩ። ልጅዎ የጠየቀው ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን መሄዱን እፈቅድለታለሁ፣ በሳይክል መመለሱን አልፈቅድም። ወደ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለት ብቻ አይደለም፤ ዳገትም አለው። ሲመለሱ ደግሞ ፀሐዩ በርትቶ፣ ጉልበቱ አልቆ ነው ሽቅብ የሚገፉት፤ በዚያ ድካም ላይ ተሳቢ ሲያልፍ መሪ ይወላገዳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተው፣ አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ በሰልፍ፣ ሄልሜት አድርገው ይሂዱ። ሲመለሱ ሳይክሉን መኪና ላይ ጭነው ይምጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደጋን ደርሰው ቢመለሱም ይበቃቸዋል።

ሰኞ ቀን ግን በፍጹም አይሁን። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ መንገዱ ከብት፣ ግመልና መኪና ይሞላል። ገበያውን ለማየት ከሆነ እርስዎም አብረውት በሚኒባስ ይውረዱ እንጂ! አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ከደጋው በኩል ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ደጋና ቆላ እንዴት ተደጋግፎ እንደሚኖር ልጁ በዓይኑ ያያል። ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅድ፣ ይሄን አደራ።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ድንቅነሽ የተገኘችበትን ሐዳር ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ምን ያያሉ? (ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ አስቀድመው ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ይንገሯቸው፤ ድንቅነሽ እዚያ የለችም። አጽሟ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ይሄን ሳያውቁ የሚሄዱ ልጆች ቅር ይላቸዋል፣ ካወቁ ግን መሬቱን ራሱን ያነቡታል። ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ያገኟት እዚያ ሸንተረር ላይ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ከአጽሟም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በዓመቱ ደግሞ እዚያው ሐዳር ቢያንስ የ13 ግለሰቦች ቅሪት በአንድ ቦታ ወጥቷል። ኮረብታዎቹ በንብርብር የተቆረጡ ይመስላሉ። ያ ንብርብር የድሮ ሐይቅና ወንዝ ደለል ነው፤ በመሀሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ገብቶበታል፣ ዕድሜው የሚለካውም በአመዱ ነው። እነዚያን ገደሎች ዛሬም አዋሽና ገባሮቹ እየቆረጡ ያወጧቸዋል።

መገንጠያው በባቲና በሚሌ መካከል ኤሊ ውሃ የምትባለው መንደር ጋ ነው። ያለ ፈቃድና ያለ አካባቢው መሪ አይግቡ፤ ሰመራ ያለውን የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ቀድመው ያነጋግሩ። ልጆቹም ከመሬት ምንም ነገር እንዳያነሱ ያስጠንቅቋቸው። አንድ ቅሪተ አካል ከቦታው ከተነሳ የየትኛው ንብርብር እንደነበር አይታወቅም፣ ሳይንሱ ያኔ አለቀ።

ጥያቄ፦ ከሚሴ አጠገብ ያለው ጨፋ ሜዳ ወፍ ልናይ ሄደን በባዶ እግሬ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። ጓደኛዬ «ቢልሃርዚያ ይዞሻል» ብላ አስደነገጠችኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይዞሻል ማለት አይቻልም፣ ሊይዝሽ ግን ይችላል። የበሽታው ተህዋሲ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ባትጠጪውም በቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ከገባሽበት ቀን ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቆይተሽ የሰገራ ምርመራ አድርጊ፤ ቶሎ ከተመረመርሽ እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ሳል ከመጣ አትጠብቂ፣ ሄደሽ ውሃ ውስጥ መግባትሽን ለሐኪሙ ተናገሪ። መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በሐኪም ትዕዛዝ ይወሰዳል። ወፎቹን ግን አትተያቸው፣ በዚህ ወቅት ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው ከሚመጡት ብዙዎቹ በስምጥ ሸለቆው በኩል ነው የሚያልፉት። ቦት ጫማ አድርጊና ከዳር ሆነሽ እይ።

ከቆላ ተመልሳችሁ ሳምንት አልፎ ወይም ከዚያም ቆይቶ ትኩሳት ቢመጣባችሁ ደግሞ «የደሴ ብርድ ነው፣ ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ፤ ወባ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙም ቆላ ወርጄ ነበር በሉት፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ካልነገራችሁት ላይጠረጥር ይችላል።