ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ስፖርት መኪናዬን ልሽጥ ወይስ ወገቤን ልታከም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ወንድ ነኝ። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ በጣም ዝቅ ያለ፣ ባለ ማንዋል ማርሽ ስፖርት መኪና አለኝ። ሥራም የምመላለሰው በእሱ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እነዳለሁ። ከአራት ወር ወዲህ ወገቤን ያመኛል፤ አንዳንዴም ሕመሙ ወደ ግራ መቀመጫዬና ጭኔ ይወርዳል፣ ከጉልበቴ ግን አያልፍም። ከመኪናው ስወጣ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተኛል። የጀመረኝ ቸርኬውን ከ18 ወደ 20 ኢንች ካስቀየርኩ ብዙም ሳይቆይ ነው። ኤምአርአይ ተነሥቼ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ «መጠነኛ ወደ ውጭ መውጣት» አለው ተባልኩ። መኪናውን ልሽጠው? ኦፕራሲዮን ያስፈልገኝ ይሆን?

መልስ፦ በገለጹልኝ መሠረት ለጊዜው ሁለቱም አያስፈልጉዎትም። በቅድሚያ መስተካከል ያለባቸው የሚቀመጡበት ወንበር፣ ያስቀየሩት ጎማና ከመኪናው የሚወጡበት መንገድ ናቸው። ዲስኩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

አስቸኳይ የሆነውን ግን አስቀድመን እንለይ። ሽንት አልወጣ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ከዛሉ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮች ተጨምቀው ሊሆን ስለሚችል መዘግየቱ የማይመለስ ጉዳት ያመጣል። ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ካለ፣ ጋደም ቢሉም የማይለቅ የሌሊት ሕመም ከገጠመዎት፣ ወይም ከዚህ በፊት ካንሰር ወይም ሳንባ ነቀርሳ ታመው ከነበረ ደግሞ ቀጠሮዎን አያዘግዩት።

አንድ ፍተሻ ቤትዎ ማድረግ ይችላሉ። ጫማዎን አውልቀው 10 እርምጃ በተረከዝዎ ብቻ፣ ከዚያ 10 እርምጃ በጣቶችዎ ብቻ ይራመዱ። እርስዎ የጠቀሱት ዲስክ ነርቭ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው የእግርን አውራ ጣትና የእግርን ፊት ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ ነው። ስለዚህ የግራ እግርዎ በተረከዝ መራመድ ካቃተው በአካል መታየት አለብዎት፤ እስከዚያውም አይንዱ፣ ፍሪሲዮን በጊዜው መርገጥ የማይችል እግር አደጋ ነው።

የኤምአርአይ ውጤቱ አያስደንግጥዎት። በ2015 የታተመ፣ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት ከእነዚህ ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ዲስክ አላቸው። የእርስዎም ዲስክ ቸርኬው ከመቀየሩ በፊት እንዲሁ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው የእግሩ ሕመም ከወገቡ በልጦ ለሳምንታት በሕክምና አልመለስ ሲል፣ ወይም እግር እየደከመ ሲሄድ ነው። ከጉልበት የማያልፍ ሕመም ብቻውን እዚያ አያደርስም።

ታዲያ ዝቅ ያለ መኪና ወገብን ለምን ያሳምማል? መቀመጫው ወለሉ ላይ ስለተኛ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ ይላል። ዳሌ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለው የወገብ ቅርጽም ይጠፋና ጫናው በዲስኩና በኋላ ጅማቶች ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ንዝረቱ አለ። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ከሁሉ በላይ የሚናወጠው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በሚደርስ ንዝረት ነው። ለምቾት የተሠራ መኪና አካል በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚወዛወዝ ከዚህ ይርቃል። የስፖርት መኪና ጠጣር ሞላ ግን ውዝዋዜውን ወደ 2 እና ከዚያ በላይ ያስጠጋዋል፤ የመንገዱንም እብጠትና ጉድጓድ ሳያለዝብ ያሳልፋል።

ወንበሩን ለማስተካከል ሞተሩን አጥፍተው፣ የሚያዘወትሩትን ጫማ አድርገው ይጀምሩ። የኋላ ኪስዎን ባዶ ያድርጉ፤ አንድ ወገን ላይ ያለ የኪስ ቦርሳ ዳሌን ያዛባል፣ መቀመጫ ላይ ያለውንም ነርቭ ይጫናል። መቀመጫዎን እስከ መደገፊያው ሥር ድረስ ይግፉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ አሁንም ትንሽ መታጠፍ አለበት። እግርዎ ቀጥ ካለ ወንበሩ ርቋል፤ በእያንዳንዱ ማርሽ ለውጥ ዳሌዎ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው። መደገፊያውን ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ያጋድሙት። ትከሻዎ ከመደገፊያው ሳይለቅ የእጅ አንጓዎ መሪው አናት ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ከደረትዎ እስከ መሪው መሀል ያለው ርቀት ከ25 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ኤርባጉ ለመከፈት ቦታ ይፈልጋል። በወንበሩ ጠርዝና በጉልበትዎ መታጠፊያ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

አሁን፣ ቀጥ ብለው እንደ ተቀመጡ፣ የውስጡን ስፖኪዮ ያስተካክሉ። ግማሽ ሰዓት ከነዱ በኋላ የኋላው መስኮት በከፊል ከጠፋብዎ የተንሸራተቱት እርስዎ ነዎት። ስፖኪዮውን አይንኩት፣ ራስዎን ወደ ኋላ ይመልሱ።

የወንበሩ የወገብ ድጋፍ ከሌለ ወይም ካልበቃ፣ ጠቅልለው ሲደገፉት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚቀረው ፎጣ በሱሪዎ ቀበቶ ከፍታ ወይም ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርገው ያስገቡ። ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ወገብን ያለልክ ይገፋዋል፤ ብዙ ሰው «ድጋፍ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም» የሚለው በዚህ ነው። ዳሌን ከፍ ለማድረግ ከኋላ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ፊት እየሳሳ የሚሄድ ጠጣር ስፖንጅ ጥሩ ነው። ለስላሳ ትራስ ግን አይጠቀሙ፤ ሲሞቅ ይሟሽሻል፣ በግጭት ጊዜም ሰውነትዎ ከቀበቶው ሥር ሾልኮ እንዲወጣ ያደርጋል። ቀበቶው ሁልጊዜ የዳሌ አጥንት ላይ ይተኛ፣ ሆድ ላይ አይውጣ። የጎን ኤርባግ ወንበሩ ውስጥ ካለ መደገፊያውን የሚሸፍን ልብስ አያልብሱት።

ወደ ቸርኬው እንምጣ። የጊዜው መገጣጠም በእኔ ግምት አጋጣሚ አይደለም። ለምሳሌ 245/45 ባለ 18 ኢንች ጎማ (ስፋቱ 245 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 45 በመቶ ማለት ነው) የጎኑ ከፍታ 110 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእሱ ፋንታ 245/35 ባለ 20 ሲገባ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም ሳይለወጥ ጎኑ ወደ 86 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የጠፋው 24 ሚሊ ሜትር ከወንበሩ በፊት ንዝረቱን የሚውጥልዎት አየርና ላስቲክ ነበር። የድሮው 18 ኢንች እጅዎ ላይ ካለ ለሦስት ሳምንት መልሰው ያስገጥሙትና ልዩነቱን ይዩ፤ ከየትኛውም መድኃኒት የረከሰ ሙከራ ነው። በ20 ኢንቹ ከቀጠሉ ነፋሱን መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ሳለ ያስለኩ። በር ሥር የተለጠፈው ቁጥር ለተጠቀሱት የጎማ ልኮች ብቻ ስለሆነ፣ ለአዲሱ ልክ የሚገባውን ነፋስ ከመኪናው መመሪያ ወይም ከጎማ ባለሙያ ይጠይቁ። ለምቾት ብለው ከተወሰነው በታች አያውርዱት፤ ጎማው ይግላል፣ ቸርኬውም በጉድጓድ ይጣመማል። ሾኩ በቁልፍ የሚለሰልስ ከሆነ በከተማ ውስጥ ለስላሳው ላይ ይተዉት።

የግራ እግርዎም ብዙ ይሠራል። መንገድ ሲቆም ማርሹን ነፃ አድርገው እግርዎን ከፍሪሲዮኑ ያንሡ። ፔዳሉ ከቀድሞው ከብዶ ከሆነ ደግሞ ለመካኒክ ያሳዩት፣ ፍሪሲዮኑ እያለቀ ሊሆን ይችላል።

ከመኪናው ሲወጡ የሚያጎብጥዎት፣ ለረጅም ጊዜ የታጠፈ ወገብ በአንድ ጊዜ ሲጠመዘዝና ክብደት ሲሸከም ነው። አንድ እግር ውጭ አድርጎ መሪውን እየጎተቱ መውጣት ከሁሉ የከፋው አወጣጥ ነው። በምትኩ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይግፉት፣ በሩን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። ጉልበቶችዎን ገጥመው ሁለቱንም እግሮች፣ ዳሌንና ትከሻን አንድ ላይ ወደ ውጭ ያዙሩ። መቀመጫዎን ወደ ጠርዙ ያምጡ፣ እግሮችዎን በትከሻ ስፋት መሬት ላይ ያኑሩ። አንድ እጅ በበሩ ፍሬም፣ ሌላው በወንበሩ ጠርዝ ላይ ይሁን። ጀርባዎን ሳያጎብጡ ደረትዎን ወደ ፊት አዘንብለው በጭንዎ ጉልበት ይነሡ። ይህ ሁሉ በሩ ካልተከፈተ አይሆንም፤ ስለዚህ ሲያቆሙ የሾፌሩ በር ወደ ሰፊው ወገን እንዲውል አድርገው ይግቡ። ከወጡ በኋላ ሻንጣ ለማንሣት አይጣደፉ። ተቀምጠው የቆዩ ጅማቶች ወደ ልካቸው መመለስ እንዲጀምሩ ሦስትና አራት ደቂቃ ይራመዱ። ረጅም መንገድ ሲሆን በየ45 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ወርደው ይንቀሳቀሱ።

ሕመሙ ከ12 ሳምንት ስላለፈ ዋናው ሕክምና እንቅስቃሴ ነው፤ ተኝቶ ማረፍ ያባብሰዋል። በየቀኑ 30 ደቂቃ ይራመዱ። በእጅና በጉልበት ተንበርክከው የቀኝ እጅና የግራ እግርን ዘርግተው 10 ሰከንድ ይቆዩ፣ ከዚያ ይቀያይሩ፤ በየወገኑ 6 ጊዜ። ወገብዎ ሲዘረጉ ካዘነበለ እግሩን ዝቅ ያድርጉ። በጎን ተኝተው በክንድና በጉልበት ላይ ዳሌን አንሥቶ 10 ሰከንድ መቆየትም ይጨመር፣ በየወገኑ 5 ጊዜ። በመጨረሻ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አድርገው፣ መቀመጫዎን ጠበቅ አድርገው፣ ዳሌን 30 ሰከንድ ወደ ፊት ይግፉ። ሲቀመጡ የሚያጥረውና ከወገብ አጥንት ጋር የተያያዘው የዳሌ ጡንቻ የሚፍታታው በዚህ ነው። ሕመሙ ከጭን ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገቡ ላይ ለጊዜው ቢጠነክርም ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ታች እየወረደ ከሄደ ያን እንቅስቃሴ ያቁሙ።

መድኃኒት ለከፋ ቀን ብቻ ይሁን። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ፣ ከአንድ ሳምንት ሳያልፍ መውሰድ ይቻላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ካለብዎ ወይም ደም ማቅጠኛ ከወሰዱ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ትራማዶል፣ ኮዴይንና የጡንቻ ማፍታቻ ክኒኖች እንቅልፍ ስለሚጥሉ ከመሪ ጋር አይሄዱም።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ይሂዱ። ሲሄዱ ከኤምአርአዩ ጋር መኪናዎ ውስጥ እንደ ተቀመጡ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ በተከፈተው በር በኩል ከጎን የተነሣ ፎቶ ይያዙ። ጉልበትዎ ከዳሌዎ ምን ያህል ከፍ እንዳለና ወገብዎ ከመደገፊያው ምን ያህል እንደራቀ የሚታየው በእሱ ነው።