ሕዋሳት ይራባሉ፣ ይከፋፈላሉ ወይስ ይባዛሉ?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «በአዋቂ አጥቢ እንስሳት አከርካሪ ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት ይራባሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ይከፋፈላሉ» መባል አለበት ይላሉ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እኔ «ይባዛሉ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ተራባ» በዋናነት የሚነገረው ዘሩን ለሚተካ ፍጡር ነው፤ ከብት ይራባል፣ ዓሣ ይራባል። ባክቴሪያ ይራባል ቢባልም አያስነቅፍም፤ ለብቻው የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ ሲከፈል ዘሩን መተካቱ ነው። በአካል ውስጥ ያለ ሕዋስ ግን የአንድ ፍጡር ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ፍጡር አይደለም። «ተከፈለ» አንዱ ሕዋስ ሁለት የሚሆንበትን ቅጽበት በትክክል ቢገልጽም፣ ደመወዝና ዕዳም በዚሁ ግስ ስለሚነገሩ «ሕዋሳት ይከፈላሉ» ማለት ለጆሮ ይጎረብጣል። ባልደረባዎ የመረጡት «ተከፋፈለ» ይህን ብዥታ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ወራሾች ርስት ተከፋፈሉ እንደምንለው ያለውን መቀራመትን ስለሚያሳስብ የቍጥሩን መጨመር አይናገርም። «ተባዛ» ግን «በዛ» ከሚለው መነሻው ሳይርቅ፣ አምሳያን እያስገኙ መብዛትን ይገልጻል። ስለዚህ ስለ አንዲቱ ድርጊት ሲጽፉ «የሕዋስ ክፍፍል»፣ ስለ ውጤቱ ሲጽፉ «የሕዋሳት መባዛት» ይበሉ።

ከግሱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ «የነርቭ ሕዋሳት» የሚለው ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ መልእክት አስተላላፊዎቹን ኒውሮኖች ይረዳል፤ እነርሱ ግን በዚህ ስፍራ ሲባዙ አልታዩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ሆርነር፣ ፍሬድ ጌጅና ባልደረቦቻቸው ባደጉ አይጦች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። የተጠቀሙበት ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን ሕዋስ ለመከፈል ዲኤንኤውን ሲቀዳ አብሮ የሚገባ ምልክት ነው። ጉዳት ባልደረሰበት ሕብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ በሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ውስጥም ሕዋሳት ይባዙ ነበር፤ ይህም በገመዱ መሃል ከሚያልፈው መካከለኛ ቦይ ዙሪያ ይልቅ በውጪው ክፍል በርትቶ ታይቷል። የተገኙት ግን ግሊያ የሚባሉት ደጋፊ ሕዋሳት እንጂ ኒውሮኖች አልነበሩም።

«አከርካሪ» የሚለውም መታረም አለበት፤ አከርካሪ አጥንቱ ነው፣ በውስጡ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ደግሞ ሕብለ ሰረሰር ይባላል። «አዋቂ» ለሰው እንጂ ለአይጥ ስለማይስማማ «ያደጉ» ይበቃል። እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ «ባደጉ አጥቢ እንስሳት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ በተለይ የግሊያ ሕዋሳት ይባዛሉ» ሊባል ይችላል።

ስለ ጉዳት የሚጽፉ ከሆነ «የሞቱት ሕዋሳት ይተካሉ» ከማለት እንዲቆጠቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሕብለ ሰረሰር ሲጎዳ የመካከለኛውን ቦይ የሚከቡት የኤፔንዲማ ሕዋሳት መባዛት እጅግ ይጨምራል፤ ከእነርሱ የሚገኙት ግን በአብዛኛው ጠባሳውን የሚሠሩ አስትሮሳይቶች የተባሉ የግሊያ ሕዋሳት ናቸው። «ተተካ» ስንል የጠፋው በራሱ ዓይነት ተመለሰ ማለታችን በመሆኑ፣ ሽባ የሆነ ዘመድ ያለው ተማሪ ቃሉን የመዳን ተስፋ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።