ቴራፒስቷ ስትሠራ ከክፍሉ ልውጣ ወይ ላሉት እናት

ውድ እህቴ፣ ኦቲዝም ላለበት የአራት ዓመት ልጅዎ በቤት ውስጥ የሚሰጥ የባህሪ ቴራፒ ሊያስጀምሩ መሆኑን ገልጸው፣ ድርጅቱ ቴራፒስቷ ስትሠራ ወላጅ ከክፍሉ ይውጣ ስላለዎት ምን እንደሚሻል ጠይቀዋል። አይውጡ። ለእኛም ይኸው ነበር የተነገረን፤ ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ፦ በየዕለቱ ከልጁ ጋር የምትቀመጠው ቴራፒስት አብዛኛውን ጊዜ አጭር ሥልጠና የወሰደች ስትሆን፣ ዕቅዱን የሚያወጣው ከእሷ በላይ ያለ ሱፐርቫይዘር ነው። እሱ በወር ስንት ጊዜ ቤትዎ መጥቶ ልጁን በዓይኑ እንደሚያይ ውሉ ላይ ያስጽፉ። እኛ የራሳችንን ለረጅም ጊዜ የምናውቀው በፊርማው ብቻ ነበር።

2ኛ፦ መዝገቡን ይጠይቁ። ቴራፒስቷ ከባህሪው በፊት ምን እንደነበረ፣ ልጁ ምን እንዳደረገና ከዚያ ምን እንደተከተለ መጻፍ አለባት፤ ልጁ ለምሳሌ እጁን የሚነክሰው ትኩረት ፈልጎ ይሁን፣ ዕቃ ተከልክሎ ይሁን ወይስ ከታዘዘው ነገር ለመሸሽ መሆኑ የሚለየው በዚህ ነው። እኔ ስጠይቅ ቢሮ ያለችው ሠራተኛ «እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እናት ስትገባበት ልጁ ይበላሻል» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የወለድኩት እኔ መሆኔን የረሳች ይመስል! በጽሑፍ ጠየቅሁ፣ አለቆቿን ጠየቅሁ፣ በመጨረሻም ሰጡኝ።

መዝገቡን ሳነብ ልጄ ከቴራፒስቷ ጋር ሲሆን እጁን መንከስ ከተወ ቆይቷል። ከእኔ ጋር ግን ጫማህን አድርግ ባልኩት ቁጥር ይነክሳል። ምስጢሩ የተገለጠልኝ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ስጀምር ነው፤ ሥራው ሲከብደው የተዘረጋ መዳፍ የተሳለበትን ካርድ አንሥቶ ይሰጣታል፣ እሷም ጥቂት ታሳርፈዋለች። ካርዱ በቦርሳዋ ይመጣል፣ በቦርሳዋ ይሄዳል። ከቤተሰቡ ስለ ካርዱ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።

ልጁ ከቴራፒስቷ ጋር የተማረው ወደ ቤተሰቡ አለመሻገሩ አዲስ ችግር አይደለም። የዚህን ሕክምና መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው ኢቫር ሎቫስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው የክትትል ጥናት፣ ወላጆቻቸው የሠለጠኑላቸው ልጆች ለውጣቸውን ይዘው ሲቀጥሉ፣ ከቤተሰብ ርቀው ወደሚኖሩበት ተቋም የተመለሱት የተማሩትን አጥተዋል። (ሎቫስን ሁሉን ነገር አልቀበልለትም፤ በዚያ ዘመን ልጆችን ይቀጣም ነበር። ዛሬ ቅጣት ያለበት ዕቅድ ቢያቀርቡልዎት አይፈርሙ።)

ሱፐርቫይዘሩ በስንት ንዝነዛ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሆኖ አገኘሁት፤ መምጣቱ ነበር የቸገረው። እሱ እንዳስተማረኝ የካርዱን ቅጂ በር አጠገብ፣ ጫማው ካለበት ይስቀሉ። ልጁ መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ቢያነሣው አይደንግጡ፤ ከመንከስ ይልቅ መጠየቅ እንደሚያዋጣው እስኪያምን ድረስ ባነሣው ቁጥር ያሳርፉት። ከዚያ በኋላ «አንዱን ጫማ፣ ቀጥሎ ዕረፍት» እያሉ ከዕረፍቱ በፊት የሚሠራበትን ጊዜ ቀስ በቀስ ያስረዝሙ።