«አፕሮክሲመትሊ» ስንት ቦታ ይከፈላል?

እህቴ፣ ለአስጎብኚነት ፈተና እየተዘጋጀሽ ነው። የእንግሊዝኛው «አፕሮክሲመትሊ» (approximately) ሲነገር ስንት ቦታ ይከፈላል፣ የቱ ላይስ ይጠነክራል ብለሻል። ወንድምሽ «አፕሮክሲሜይትሊ» ነው ማለቱንም ጽፈሻል። እኔ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ በጀልባ ሳመላልስ ዓመታት ሆኖኛል። ይህ ቃል ከአፌ አይጠፋም። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ። የኛ «ገደማ» ማለት እሱ ነው።

አምስት ቦታ ይከፈላል፦ ኧ፣ ፕሮክ፣ ሲ፣ መት፣ ሊ። የሚጠነክረው ሁለተኛው፣ ፕሮክ ነው። «ሜይት» የሚባለው ቃሉ ግስ ሲሆን ብቻ ነው። ቅጽል ወይም ተውሳከ ግስ ከሆነ «መት» ነው።

እኔም «ሜይት» እያልኩ ነበር የጀመርኩት፣ ያውም እሱኑ አጠንክሬ። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ እንግዳ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ አልገባቸውም። በኋላ ሲገባቸው ምንም ሳይሉ የጀልባውን ጠርዝ በጣታቸው መቱት። አምስቴ፣ ሁለተኛዋን ጠንከር አድርገው፦ ጠ፣ ጧ፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ከዚያ ወዲህ ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ከመናገሬ በፊት በጣቴ እመታዋለሁ።

እኛን በዋናነት የሚያሳስተን መጥበቁ ነው። ቃሉ በሁለት ፒ ስለሚጻፍ፣ በዓሉን «ገና» ስንል እንደምናጠብቀው እናጠብቀዋለን። እንግሊዝኛ ላይ ግን እዚህ ፒው አይጠብቅም፤ «ገና አልመጣም» ስንል እንደሚላላው ላልቶ ነው የሚያልፈው። ጉልበቱ ያለው አናባቢው ላይ ነው። «ሮ» ከፍ፣ ረዘም ይላል፤ የቀሩት አጠር፣ ቀለል ይላሉ። በ«ፕ» እና በ«ሮ» መሃል ደግሞ ትንሽ «እ» እንዳትገባብሽ። ከገባች ክፍሉ ስድስት ይሆናል፣ ምቱም ይበላሻል።

መዝገበ ቃላት ላይ ኤክስ ሳይከፈል ብታዪ ግራ አይግባሽ፤ ያ የጽሕፈት አከፋፈል ነው። አፍ ላይ «ክ» ከፕሮ ጋር ይቀራል፣ «ስ» ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

ስትለማመጂ ከኋላ ጀምሪ፦ ሊ፣ መትሊ፣ ሲመትሊ፣ ፕሮክሲመትሊ። መጨረሻ ላይ ኧን ጨምሪባት። እንዲህ ሲሆን መጨረሻው ላይ ስትደርሺ ምላስሽ አይደናቀፍም። «መትሊ» ላይ «ት»ን አትልቀቂያት፤ ምላስሽ እዚያው እንዳለ ወደ «ሊ» ይለፍ።

ከዚያ ቁጥር ጨምሪበት፤ «አፕሮክሲመትሊ ዋን አወር» በይ፤ ዘጌ ለመድረስ ስንት ይፈጃል ሲሉሽ የምትመልሺው እሱን ነው። ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ፣ ማታ ከጀልባ ስወርድ እሰማዋለሁ።