አንጎልን ለማጥናት የግድ ሐኪም መሆን አለብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አራት ኪሎ ባዮሎጂ የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምፈልገው ትውስታ አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ነው። ቤተሰቦቼ «ለሱማ ሜዲሲን መግባት ነበረብሽ» ይሉኛል። ምርምሩ ደግሞ ያለ ኤምአርአይ ማሽን አይሆንም ሲሉ ሰምቼ ተስፋ ቆርጫለሁ። ምን ይሻለኛል? (ት.፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሕመምተኛ ማከም ከፈለግሽ ቤተሰቦችሽ ልክ ናቸው። ትውስታን መመርመር ከሆነ ሐሳብሽ ግን ባዮሎጂ ጥሩ መነሻ ነው።

የማሽኑ ነገር ልቤን ያሳዝነዋል፤ ስንቱን ጎበዝ ልጅ አስቀርቶብናል! እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታው እንዲታገስለት ተብሎ የግራና የቀኝ ሂፖካምፐሱ (ለትውስታ የሚያስፈልግ የአንጎል ክፍል ነው) ትልቅ ድርሻ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የገጠመውን አዲስ ነገር ሁሉ ወዲያው ይረሳ ጀመር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በድርብ መስመር የተሳለ ኮከብ ሰጡት፤ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል እርሳሱን እንዲያስኬድ። ከቀን ወደ ቀን ስህተቱ ቀነሰ። እሱ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት ሠርቼዋለሁ ብሎ አያስታውስም ነበር! የእጅ ልምድና የገጠመንን ነገር ማስታወስ በተለያየ መንገድ እንደሚሄዱ ያሳየው ይኸው እርሳስና መስታወት ነው።

አንቺም ሞክሪው። መስታወት አቁሚ፣ እጅሽን በደብተር ከልይ፣ ኮከቡን ደጋግመሽ ተከተይ። እርሳሱ ከመስመር የወጣበትን ቁጥርና የፈጀብሽን ሰከንድ መዝግቢ። መጀመሪያ ላይ ጥጉ ጋ ስትደርሺ እጅሽ አልታዘዝ ይልሻል፤ ኋላ ይለቅሻል።

ማሽኑም ቢሆን ሐሳብ አያነብም። ኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎልን ሥራ ለመከታተል የሚውለው የኤምአርአይ ዓይነት፣ የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ለውጡም ጣሪያው ላይ የሚደርሰው የአንጎል ሴሎች ከሠሩ ከአምስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ፈተናው በደንብ ካልታሰበ ባለቀለሙ ሥዕል ምንም አይነግርሽም።

የሚጎድልሽ ሌላ ነው። ስታቲስቲክስን ለማለፊያ ብቻ አትማሪው፤ የዚህ ሙያ ግማሹ እሱ ነው። ስድስት ኪሎ ወጣ በይና የሥነ ልቦና መምህራንን ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂን (ስለ ትውስታና ስለ አስተሳሰብ የሚያጠናውን ትምህርት) ተቀምጬ ልከታተል ብለሽ ጠይቂ። መረጃ የምትተነትኚበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን፣ በላፕቶፕሽ በነፃ ይጫናል፤ ተመራማሪዎች በነፃ የለቀቁት የአንጎል ምስል መረጃም ኦፕንኒውሮ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ አለ።

የኮከቡን ሙከራ በሌሎች ተማሪዎች ላይ ማድረግ ካማረሽ ግን አስቀድመሽ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪ፤ በሰው ላይ ለሚሠራ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል።